ሐጂ የመረጡት ባትሪ

በሺር ሙናን ለማጨት ሽማግሌ ሲልክ፣ እሱ ራሱ ቤቱ ተቀምጦ መልስ መጠበቅ ነበረበት፤ ወጉ እንደዚያ ነው። አጎቱ ሼህ ጀላል ግን "በታክሲ ተጋፍቶ ለመጣ ሽማግሌ ማን ልጁን ይሰጣል?" ብለው አሻፈረኝ አሉ። በዘመዱ ሁሉ መኪና ያለው ደግሞ በሺር ብቻ ነው።

"ሹፌር ነው እንላለን" አሉ ሼሁ። "አንተ ብቻ ከመኪናው እንዳትወርድ!"

ልውረድ ቢልም አይችልም። ከገራዶ ሽንኩርት የሚያመላልስባት ፒካፕ ባትሪዋ ከሞተ ሰንብቷል። ደሴ ላይ ችግር የለም፤ ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ያቆማታል፣ ጠዋት ፍሬኑን ሲለቅላት እየተንደረደረች ትነሳለች። ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ነው፤ የሙና አባት የሐጂ አብዱልወሀብ ደጅ ደግሞ እንደ መዳፍ የተደለደለ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ በሺር ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ከቤቱ መስኮት ሥር መኪናዋ ውስጥ ቁጭ አለ።

የሽማግሌ ወሬ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ሼህ ጀላል ገና ስለ ዘንድሮ ዝናብ እያተቱ ሳለ ሐጂ ጆሯቸውን ወደ ውጭ ጣል አደረጉ።

"ይሄ የሚያጓራው ምንድን ነው?"

"ሹፌራችን ነው። ሞተር ማሞቅ ይወዳል።"

"እስካሁን አልሞቀም?" አሉና ወጡ።

በሺር ሐጂን ሲያይ ፈቀቅ ሊል ማርሽ አስገባ፤ ደንግጦ እግሩ ከፍሪሲዮኑ ሲያመልጠው ሞተሩ ድርግም አለ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ጋቢያቸውን አጣፍተው መኪናዋን ገፉ። ሐጂም ገፉ። አልነሳ አለች።

"ባትሪዋ ሞቷል" አሉ ሐጂ እያለከለኩ። "ሹፌር፣ ተከተለኝ!"

ሱቅ እንደገቡ የበሺር ዓይን ለፒካፗ የሚሆነው ባትሪ ላይ አረፈ። ሐጂ ግን የጭነት መኪና ባትሪ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"ሰው ከገዛ አይቀር እንዲህ ያለውን ነው።"

"ከቦታው ይገባልሃል?" አለ ባለሱቁ በሺርን።

አማቹ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው አጠገቡ ቆመው ምን ይበል? "ሐጂ ካሉ ይገባል" አለ።

በጋሪ አስጭነው ተመለሱ። አልገባም። በጎን ቢሉት፣ በቁሙ ቢሉት፣ ኮፈኑ እንደ አዞ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

"በገመድ እሰረው" አሉ ሐጂ።

"ማሰር ነው እንጂ! ምን ችግር አለ?" አሉ ሼህ ጀላል ፈጥነው።

በሺር ቀና ሲል ሙና በመስኮቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

"አይሆንም ሐጂ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ክው አሉ።

"ሀረጎ ዳገት ላይ ገመዱ ተበጥሶ ኮፈኑ ፊቴን ቢጋርደኝ እነዚህን አባቶች ገደል እከታቸዋለሁ። ወላሂ፣ እንደማይገባ ሱቅ ውስጥ አውቄ ነበር። ፈርቼዎት ነው ዝም ያልኩት።"

"ሹፌር ምን ያስፈራዋል? መኪናው ያንተ፣ እኔ አላውቅህ፣ አታውቀኝ።"

"ሹፌር ብቻ አይደለሁማ።"

"ሌላስ ምንድን ነህ?"

በሺር ሼሁን አየ። ሼሁ ሰማዩን አዩ።

"ሌላውን ሼህ ጀላል ሊነግሩዎት ነበር፤ ግን ገና ከዝናቡ አልወጡም።"

ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ግዙፉን ባትሪ መልሰው ትንሹን አመጡ፤ ልክክ አለ፣ ፒካፗም በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

"እንግዲህ ልጅቱን ጠይቀን አርብ እንነግራችኋለን" አሉ ሐጂ ኮስተር ብለው።

"ተጠይቄያለሁ!" አለ አንድ ድምፅ ከመስኮቱ፤ መስኮቱም ጓ ብሎ ተዘጋ።

በሺር ደስታውን በዝምታ ሊያጣጥም ፈልጎ ነበር። ሼህ ጀላል ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰናዱት የከረሙት ንግግር ሆዳቸው ውስጥ ቀርቶባቸዋል፤ ካቆሙበት ከዝናቡ ጀምረው ደሴ እስኪገቡ ድረስ ለእሱ ተናገሩለት።