ከላይ ዝገት፣ ከሥር ንጹሕ

በእኛ አገር አሮጌ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪ እና አንድ አኩራፊ ሰው ይዞ ይሄዳል። ማግኔት ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ስቱኮ ላይ አይለጠፍም፤ ስለዚህ ሻጩ ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶበት ከሆነ ወዲያው ያጋልጠዋል። ባትሪው ለመኪናዋ ሆድ ዕቃ ነው። አኩራፊው ደግሞ ከገዢው ኋላ ቆሞ «ኧረ ተወው፣ እንሂድ» ሲል ይውላል፤ ሻጩ የሱን ፊት ባየ ቁጥር ዋጋው ዝቅ ይላል። የኔ አኩራፊ የሟች ባለቤቴ ወንድም ክላይድ ነው። መላው ሚሺጋን ውስጥ እንደሱ ፊቱን መቋጠር የሚችል ሰው አላየሁም። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን «ወገቤን» ብሎ ቀረና በምትኩ ልጄ ማርላ ፒካፗን ይዛ መጣች።

መጠርጠር የጀመርኩት እዚያው ደጃፌ ላይ ነው። ክላይድ ወገቡን የሚያመው የሚሠራ ነገር ሲኖር ነው፤ ማኩረፍ ደግሞ ለሱ ሥራ ሆኖ አያውቅም።

«አጎትሽን ምን ነካው?» አልኳት።

«ወገቡን አልኩህ እኮ፣ አባዬ።»

«ትናንት ማታ ቦውሊንግ ሲጫወት ነበር።»

«ታዲያ ለዛ ይሆናላ ያመመው። አሁን ትገባለህ ወይስ ክላይድን ሄደን እንመርምረው?»

ገባሁ። በግራ እጇ መሪውን፣ በቀኟ ዶናቷን ይዛ መንዳት ጀመረች። ማርላ ግራኝ ናት። ነፍሷን ይማረውና እናቷ በቀኝ እንድትጽፍ ብዙ ደክማ ትታታለች። ብየዳ ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊቷ ቆሜ እንደ መስታወት እያየችኝ ነው የተማረችው። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የትራክተር ጋራዥ ውስጥ ከሷ የተሻለ በያጅ የለም። ይህን ለሷ ነግሬያት አላውቅም።

የምንሄደው ኦርቪል ቲተር የሚባል ሽማግሌ የሚስቱን ቡዊክ መኪና እሸጣለሁ ስላለ ነው። የስድሳ አምስት ሞዴል ናት፣ የጨርቅ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ጎተራ ውስጥ የቆመች። ወሬውን ያመጣችልኝ ማርላ ናት። የጠየቀው ዋጋ ደግሞ ደህና የሣር ማጨጃ እንኳ አይገዛም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር!

እዚህ ላይ የኔን ጉዳይ ልናገር። ፍሊንት ከተማ ከሚገኝ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የሞተ መኪና ማስነሳት ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ስም ሰጥቶታል፤ ስሙን አልጠራውም። ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነው የምኖረው። እጄን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ እከታለሁ፣ ቡናዬን በግራ እጠጣለሁ። በምስጋና በዓል ቀን የቱርክ ዶሮውን የምቆርጠው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ አምና ግን «አሁን የልጆች ተራ ነው» ብዬ ቢላዋውን ለማርላ ሰጠኋት። ተቀብላኝ ቆረጠች። እጄ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ተቀምጬ ስሠራ ይታዘዘኛል። መኪና ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ ወደ ላይ መበየድ ግን አበቃ። የመጨረሻው ሙከራዬ የዶሮ ኩስ ነበር የሚመስለው፤ ማንም ሳያየው ጣልኩት።

ስለዚህ የምገዛት መኪና ከላይ የፈለገችውን ትሁን፣ ከሥሯ ግን ጤነኛ መሆን አለባት። ወለሏ ከበሰበሰ ሌላ በያጅ መጥራት ሊኖርብኝ ነው፣ ያኔ አገር ምድሩ ይሰማል። ካልጠራሁ ደግሞ መተው ነው። ከተውኩ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ሞትን መጠበቅ ብቻ ይቀረኛል፣ እሱን ደግሞ እፈራዋለሁ።

የኦርቪል ግቢ ስንደርስ አንድ ትልቅ ቢጫ ውሻ እያጓራ ወጣ። ለኔ ጥርሱን አሳየኝ። ማርላ ስትወርድ ግን ጭራውን እየቆላ ሄዶ እግሯ ሥር ተጋደመ።

«ይሄ ውሻ ያውቅሻል እንዴ?»

«ዶናት ሸቶት ነው» አለች።

እኔም እኮ ዶናት በልቻለሁ።

ኦርቪል ሰማንያ የዘለለ፣ ሱሪው በማንጠልጠያ የተያዘ ረዥም ሰው ነው። ቡና በወረቀት ኩባያ ሰጠኝ። በግራዬ ተቀበልኩት። ዓይኑ ወደ ኪሴ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ማርላ፣ ከዚያ ወደ ጫማው። ሰውዬው ውሸት የሚችልበት ዓይነት አይደለም፤ የሚዋሽበት ነገር እንዳለው ግን ፊቱ ላይ ተጽፏል።

ጎተራው ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ኦርቪል በሩን እየታገለ ሳለ ማርላ ቀድማ ገባችና ከአንድ ምሰሶ ጀርባ እጇን ሰደድ አድርጋ መብራቱን አበራች። እኔ ብሆን ማብሪያውን ስፈልግ አመሽ ነበር።

«ጋሽ ኦርቪል፣ ክሪኩ የት ነው?» አለችው።

ጋሽ! ከመቼ ወዲህ ነው «ጋሽ» የሆነው? ልጄ ከዚህ ሽማግሌ ጋር ተመሳጥራ እኔን ልትሸውድ ነው እንዴ? ለኮሚሽን ይሆን? ቅዳሜ ቅዳሜ «ትርፍ ሰዓት አለብኝ» እያለች መጥፋት ከጀመረች ቆይታለች። ወንድ ይዛ ነው ብዬ ነበር። ይኸው ነው እንዴ ወንዱ? ብዬ ኦርቪልን ከእግር እስከ ራሱ አየሁት። አፍንጫውን በመሐረብ ያዘና ተናፈጠ። እሱስ አይሆንም አልኩ።

መኪናዋ ሰማያዊ ነበረች፣ አሁን ግን ምኗም ቀለም የለውም። የበሮቿ ሥር ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ወንበሯን አይጥ በልቶታል፣ ጣሪያዋ ተተልትሏል። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ሞተሩ ላይ የወፍ ጎጆ አገኘሁ።

«እንዴት ታምራለች!» አለች ማርላ።

አኩራፊ ሆና የመጣች ሰው! ክላይድ ቢሰማ እውነትም ወገቡን ያመው ነበር። ማግኔቴን አውጥቼ ዙሪያዋን ዞርኩ። ሁሉም ቦታ ተለጠፈ። ስቱኮ የሚባል ነገር የለም፣ ዝገቱ ፊት ለፊት የተሰጣ ዝገት ነው።

«ከቆመች ጀምሮ የነካት ሰው አለ?» አልኩት።

«ማንም» አለ ኦርቪል።

«ክሪኩን ላስገባ» አልኩ። የብረት ጣሪያ የሌላትን መኪና የሚይዛት ወለሏ ነው። ወለሏ ከበሰበሰ ስትነሳ ወገቧ ይጎብጥና በሯ ተነክሶ አይከፈትም። ማርላ አነሳቻት። በሩን ሳብኩት፣ ያለ አንዳች ትግል ተከፈተ። መለስኩት፣ ቀጭ ብሎ ገጠመ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር፣ እኔ ደሜ ፈላ። በዚህ አገር በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው ይነሰነሳል፤ ጨው ደግሞ መኪናን የሚበላው ከሥር ጀምሮ ነው። ከላይ እንዲህ የተበሳሳች መኪና ከሥር እንዴት ጤነኛ ትሆናለች? አታላይ ሁሉ ከላይ አሳምሮ ከሥር ያበሰብሳል። ከላይ አበስብሶ ከሥር የሚያሳምር አታላይ በዕድሜዬ አላየሁም።

«ወለሉን ሰው ሠርቶታል» አልኩ።

«እ… አዎ፣ አንድ የሳጊናው ከተማ ሰው ነው» አለ ኦርቪል።

«አሁን ማንም አልነካትም አላሉኝም?»

«ሰውዬው… ብዙም አልነካትም።»

«አባዬ፣ ቦታውን ለሰውየው ፖሊስ ጣቢያ አስመሰልክበት እኮ!» አለች ማርላ።

«አንቺ ዝም በይ። ያመኑት ፈረስ ነው በደንደስ የሚጥለው።»

በግራ እጄ ባትሪውንና ካቻቢቴውን ይዤ በጀርባዬ ገባሁ። ከፊት እስከ ኋላ ጥቁር ሬንጅ ተቀብቷል፣ አዲስ ነው፣ ሽታው አልለቀቀም። ያዝኩህ! አልኩ በልቤ። አዲስ ሬንጅ የቀባ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ባትሪውን ደረቴ ላይ አስቀምጬ በካቻቢቴው መፋቅ ጀመርኩ፤ የተቀዳደደ ላሜራ፣ የተለጣጠፈ ቆርቆሮ ጠብቄ።

ያገኘሁት ብየዳ ነው፣ እንከን የሌለው ብየዳ። በጀርባ ተጋድሞ ወደ ላይ የተበየደ፣ አንድ ቦታ ያልተንጠባጠበ። በዚህ ሥራ ውስጥ የኖረ ሰው የብየዳን እጅ እንደ እጅ ጽሑፍ ያነበዋል። የዚህኛው ብየዳ እንደ ሞገድ የተደራረበው መስመር የሚተኛው የቀኝ እጅ ሰው ከሚያስተኛው በተቃራኒ ነበር። መስመሩ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ተቋጥሯል። «ጅራቱን ክፍት አትተዪው፣ ይሰነጠቃል» እያልኩ ያስተማርኩት ቋጠሮ ነው። ሌላ ቦታ ፋቅሁ፣ ያው እጅ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ታውቃለች! እጄን አይታለች፣ አዝናልኛለች፣ ከኋላዬ ከሰው ጋር ተማክራብኛለች። ወጥቼ ልጮህባት ነበር። ከዚያ ባትሪውን ወደ ጎን ሳዞረው የበሮቹን የውስጥ ጠርዝ አየሁ። ጨው የበላው ቀዳዳ ሁሉ እንዳለ ነው። አንዱንም አልነካችውም። ሞተሩን አልነካችም፣ የወፉን ጎጆ እንኳ አላነሳችም። የሠራችው ተጋድሞ የሚሠራውን ብቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ የሚሠራውን ሁሉ ለኔ ትታልኛለች።

ባትሪውን አጠፋሁትና ትንሽ ተኛሁ። አለቀስኩ፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። ከመኪናው ማዶ የማርላ ቦት ጫማ ይታየኛል፣ አንዱ እግር በሌላው ላይ ይወዛወዛል። ሕፃን ሆና የትምህርት ቤት ውጤቷን ሳነብ እንዲህ ነበር የምትቆመው። የፋቅሁበትን ቦታ በአውራ ጣቴ መልሼ ሬንጁን ቀባሁትና ወጣሁ።

«እንዴት ናት?» አለ ኦርቪል። ማርላ የጎተራውን ጣሪያ ታያለች።

«ከሥር ንጹሕ ናት» አልኩ። ይህን ቃል በሻጭ ፊት ተናግሬው አላውቅም።

«ተመስገን» አለ ሽማግሌው፣ የሻጭ ሳይሆን የምስክር ድምፅ ነበር።

«ያ የሳጊናው ሰውዎ ጎበዝ በያጅ ነው» አልኩ። «ከሱ የተሻለ አላየሁም። ግራኝ ነው እንጂ።»

ኦርቪል መሐረቡን አወጣ። ማርላ ዓይኗን ከጣሪያው ሳታነሳ ግራ እጇን ቀስ ብላ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ልክ እንደኔ። ዓመት ሙሉ ይህን ሳደርግ ምን እንደምመስል ያኔ ገና አየሁት።

በዋጋው አልተከራከርኩም። ገንዘቡን ሰጠሁት፣ ኦርቪል ከግድግዳው ሚስማር ላይ የቁልፍ ዘለላውን አንስቶ ዘረጋልኝ። ግራ እጄ ኩባያም ባትሪም አልያዘም፣ ባዶ ነበር። የዘረጋሁት ግን ቀኜን ነው። ቁልፎቹ መዳፌ ውስጥ ገቡና ይንኳኩ ጀመር፣ ጸጥ ባለው ጎተራ ውስጥ እንደ ከብት ደወል ጮኹ። ውሻው እንኳ ቀና አለ።

«ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት አለብሽ?» አልኳት።

«አልቋል፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ነይ። በሮቹን ስሠራ ላሜራውን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ግራ እጇን ከኪሷ አወጣችና እጄን ከነቁልፉ ያዘችው። ጩኸቱ ቆመ።