ስለ መከታ አያያዝ

1.

አይላጭም።

ጸጉሩ ድርብ ነው፤ ከብርዱም ከፀሐዩም የሚያድነው እሱ ነው።

2.

ይህን በወረቀት የጻፈችው እጅጋየሁ ናት። የባሏ የአስራደ የአርባው ድንኳን ሳይነቀል፣ ታናሽ ወንድሙ ዘውገ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከውርሱ ውሻውን መረጠ። የወንድሙን መጻሕፍት አልፈለገም፤ ወረቀቱን ግን ተቀበለ።

መከታ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ጉረኖ ውስጥ ከበጎች ጋር ያደገ፣ የሰው ወገብ የሚደርስ ነጭ ውሻ ነው። ዘውገ አዲስ ቪላ ሠርቷል። በሩ ላይ የሚያስፈራ ነገር ጎድሎታል፤ እሱ ራሱ ለዚያ አይበቃም።

3.

ከወረቀቱ የቀረው፦

አይታሰርም።

ሚጥሚጣ አይሰጠው። ጨጓራውን ይልጠዋል እንጂ ጀግና አያደርገውም።

4.

ዘውገ ያደረገው፦

ላጨው።

አሰረው።

ሚጥሚጣ በሥጋ ለውሶ አበላው።

(ማንበብ አይችልም እንዳይባል ዲፕሎማ አለው።)

5.

የፋሲካ ዕለት ጠዋት፣ በስልክ፦

ዘውገ፦ እትዬ፣ ይሄ ውሻሽ አብዷል!

እጅጋየሁ፦ ውሻህ። ወስደኸዋል እኮ።

ዘውገ፦ ሰንሰለቱን በጥሶ የበዓሉ በግ ሥር ተኝቷል። አራጁን አላስጠጋ አለ። እኔንም!

እጅጋየሁ፦ አንተንም።

ዘውገ፦ አትሳቂብኝ እንጂ!

እጅጋየሁ፦ አልሳቅሁም።

ዘውገ፦ እንግዳ ጠርቻለሁ። መጥተሽ ካላነሳሽልኝ መርዝ ነው የማበላው። ካነሳሽልኝ ይዘሽው ሂጂ።

6.

በአስራደ ፒክአፕ እስከ ዘውገ ቪላ ሁለት ሰዓት ተኩል ነዳች።

አራጁ ቢላውን እንደያዘ ደረጃው ላይ ቆሟል። ዘውገ መስኮት ውስጥ ነው። በገዛ ቤቱ። መከታ የተላጨ ጀርባው በፀሐይ ቀልቶ፣ በጉን ከአጥሩ አስጠግቶ ፊት ለፊቱ ተጋድሟል። ውሻውና በጉ ከተዋወቁ ገና ሁለት ቀናቸው ነው።

«ጥሪው፣ እትዬ! ጥሪው ብቻ!»

«ውጣና አብረን እንጥራው።»

«ትቀልጃለሽ?»

አልቀለደችም።

7.

አንባቢ ይህን ይወቅ። መከታ ከበግ አጠገብ የሚነሣው በአንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። እጅጋየሁ ከቀብሩ ወዲህ በአፏ አላወጣችውም። ለምን እንደሆነ እዚህ አይጻፍም።

ከተናገረችው ውሻው ይድናል፤ በጉ ይታረዳል። መከታም ያንን በዓይኑ ያያል።

ዝም ካለች፣ መርዙ አለ።

8.

የፒክአፑን የኋላ መዝጊያ አወረደች። ለአንድ ውሻ ይሰፋል። ለአንድ ውሻና ለአንድ በግም ይሰፋል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ መስኮቱ።

ወደ መከታ ዞራ አፏን ከፈተች።

9.

ቃሉን አወጣችው፤ መከታ ተነሥቶ ፒክአፑ ላይ ዘለለ፣ እሷም በጉን ከኋላው ጫነችው።