ከግድግዳው ማዶ

በልጅነቴ የተጫወትኩበትን ጌም ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጋር ላገናኝ ስታገል ረፋዱ አለቀ። ለምስል ቢጫውን ገመድ፣ ለድምፅ ቀዩንና ነጩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በተገናኘው አምፕሊፋየር ጀርባ ሰካሁ። ሙዚቃው ከየስፒከሩ ቤቱን አናጋው። ምስሉን ግን አምፕሊፋየሩ ዋጥ አድርጎ አስቀረው፤ ቴሌቪዥኑ ጨለማ ነው።

«ምን አባቱ ሆኖ ነው!» ብዬ ሪሞቱን ወረወርኩት።

ሶፋው ላይ የተቀመጠው አባዬ ሳቀ። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሚሰፋበትን ክፍልና የኔን ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጌም ስጫወት ግድግዳውን ይደበድበው ነበር። እኔም «ረበሽሽኝ» ማለቱ ነው ብዬ እየተነጫነጭኩ አጠፋው ነበር።

«ተጫወቺ» አለኝ።

«በምን ዓይኔ? ምስል የለውም እኮ!»

«ተጫወቺ ስልሽ!»

ጆይስቲኩን አንስቼ ጀመርኩ። ጌሙ ውስጥ የሚሮጠው ሰውዬ ኮቴ ተሰማ። ድንገት አባዬ ጠረጴዛውን ኳ! አደረገው። ደንግጬ የመዝለያውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ኮቴው ቀጠለ። ኳ! ዘለልኩ። ኳ! አሁንም ዘለልኩ። ሁልጊዜ ወንዝ ውስጥ የምወድቅበትን የተሰባበረ ድልድይ፣ ምንም ሳላይ ተሻገርኩት!

አፌን ከፍቼ ዞርኩ። «እንዴት አወቅከው?»

«ከስንት ኮቴ በኋላ ውሃው ውስጥ ቧ እንደምትዪ በየቀኑ እሰማ አልነበር? የስፌት መኪናው ጩኸት ድምፄን ይውጠዋል። ‹አሁን ዝለዪ› ልልሽ ግድግዳውን ስደበድብ፣ አንቺ ጌሙን ታጠፊዋለሽ።»