አይወድቄ መውደቅ ሲማር

አናጢውን የሰፈሩ ሰው «አይወድቄ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በሃያ ዓመቱ፣ ቦክስ በጀመረ ሰሞን ነው። አፍንጫው ተሰብሮ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ፣ ያም ሆኖ ጀርባው ወለል ሳይነካ ከመድረኩ ወረደ። ከዚያ ካራቴ ተማረ። ካራቴው ሲሰለቸው ወደ ቴኳንዶ ዞረ። በአርባዎቹ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ደግሞ ታይ ቺ ያዘ፤ አየሩን እንደ ውሃ ቀስ አድርገው የሚቀዝፉበት ነው። በየስፖርት ቤቱ እንደ ጀማሪ ከኋላ ረድፍ ቆሟል። ከሁሉም ይዞ የወጣው ግን አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆም።

ጉድ የሠራውም ይኸው ቀጥ ብሎ መቆም ነው። በስልሳ ሦስት ዓመቱ፣ ሚስቱ ያጠበችው የደጃፍ ደረጃ አዳለጠው። ሌላ ሰው ቢሆን በቂጡ ቁጭ ይል ነበር። እሱ አልወድቅም ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋና የገላው ክብደት ሁሉ የእጅ አንጓው ላይ አርፎ ሰበረው። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ፣ «ይህ እጅ ዳግመኛ ከተሰበረ መላጊያዎን ይርሱት» አለው።

መላጊያውን! አርባ ዓመት ጣውላ የላገበት፣ እጀታው የመዳፉን ቅርጽ የያዘውን!

ጁዶ ቤት ሄደ። አሰልጣኟ የልጁ እኩያ ናት።

«መጣል ሊማሩ ነው ጋሼ?»

«መውደቅ።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። አገጭን ደረት ላይ መለጠፍ፣ ጀርባን ማጉበጥ፣ ከዚያ በሙሉ ክንድ ምንጣፉን ጧ ማድረግ። አብረውት የሚማሩት ልጆች በሳምንት ያዙት። እሱን ግን በጣለችው ቁጥር እጁ ቀድሞት ይዘረጋል።

«እጅዎን ጋሼ!»

«እኔ መች አዘዝኩት ልጄ!»

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ሚስቱ ጀርባውን በቅባት እያሸች፣ «መውደቅ ካማረህ እኔን አትጠይቀኝም? እዚሁ ቤትህ ውስጥ እገፈትርህ ነበር» ትለዋለች። እሱ ግን ያስባል። ቡጢውም እርግጫውም፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ መሬትን መሸሽ ብቻ ኖሯል እንዴ?

አንድ ጠዋት ጣውላ ሲልግ የረገጠው ፍቅፋቂ አንሸራተተው። ቁርሱን ይዛ በሩ ላይ የደረሰችው ሚስቱ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማች።

«ወይኔ! እጅህን!»

ሳህኑን መሬት ጥላ ሮጠች። አናጢው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። አገጩ ደረቱ ላይ ነው፤ ክንዱ ከጎኑ ተነጥፎ መዳፉ ቲማቲም መስሏል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ ዘረጋቸው። አንጓውን ወዲህና ወዲያ አዞረው። ምንም አልሆነም።

«ተነሣ እንጂ! አይወድቄ ወደቀ ይሉሃል።»

«ይበሉ።»

ከተኛበት ወደ ላይ ያያል። የሥራ ጠረጴዛውን ከሥር አይቶት አያውቅም።

«ይገርማል» አለ። «ገና ስሠራው የሥሩን ሳልልገው ትቼዋለሁ። ይኸው እንደ ሻከረ ነው።»

«አሁን ይሄ ምኑ ይገርማል?»

«ነይ እስቲ፣ መላጊያዬን አቀብዪኝ» አላት፣ ሳይነሣ።