ከድንጋዩ ሥር የተገኘው እንቁላል

አሻግሬ እጁን እስከ ክርኑ አኳሪየሙ ውስጥ ከቶ ሦስተኛውን ድንጋይ ሲያነሳ ከሥሩ ነጭ ነገር ብቅ አለ። የተቀቀለ እንቁላል ቁራጭ ነው፤ የጥርስ ምልክት አለበት።

ሁለቱ ሰማያዊ ወንድ ዓሣዎች ሆዳቸው ተነፍቶ ተንጋለዋል። የማላዊ ሐይቅ ዓሣዎች ናቸው፤ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን አልጌ እየጋጡ ነው የሚኖሩት፣ እንቁላል አይስማማቸውም። የተረፈችው ጫጩቶቿን በአፏ የያዘችው እንስት ብቻ ናት። እሷ እስክትተፋቸው ድረስ ምንም አትቀምስም።

ሑዳዴ ከተጋመሰ ቆይቷል። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ ያሉት ደግሞ እናቱና ሚስቱ ናቸው።

"ሞቱብህ?" እናቱ ወይዘሮ ደብረወርቅ ከቅዳሴ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ሁለቱ።"

"ጾመኛይቱስ?"

"አለች።"

"አየህ? ጾም ያተርፋል።" አየሩን አሸተቱ። "እንቁላል እንቁላል ይላል።"

አሻግሬ ቁራጩን ጨበጠ። "ውሃው ነው የሚሸተው፣ እማዬ።"

"አፍንጫዬ እንኳ አላረጀም" ብለው ነጠላቸውን ሊያጥፉ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሚስቱ ሙሉሐረግ ሰሞኑን ስልክ የምታወራው ደጅ ወጥታ ነው። ገበያ ነበርኩ ብላም ባዶ ዘንቢል ይዛ ተመልሳለች። አሻግሬ እስካሁን የጠረጠረው ሌላ ወንድ ነበር፤ እንቁላል አልነበረም።

ማድ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ አገኛትና መዳፉን ከፈተላት።

"እሳቸው አይተዋል?" አለች።

"የማን ነው?"

"የእኔ። ትናንት በሩ ሲንኳኳ እሳቸው መስለውኝ እዚያ ጣልኩት። ዓሣዎቹ ይጨርሱታል ብዬ።"

"በጾም?"

"ጤና ጣቢያ ነርሷ ናት ያዘዘችኝ። አርግዣለሁ፤ ሦስተኛ ወር ይዣለሁ።"

አሻግሬ ቢላዋውን ከእጇ ወስዶ አስቀመጠው። "ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?"

"ያለፉትን ሁለቱን ነገርኩህ። አንተ ለእሳቸው ነገርክ፣ እሳቸው ለጽዋ ማኅበራቸው። ጽንሱ ሲወርድብኝ የመካነ ሰላም ከተማ በሙሉ ሊያጽናናኝ መጣ። አሁን ጸንቶ እስካየው ማንም አይስማ።"

የእግር ኮቴ ተሰማ። ወይዘሮ ደብረወርቅ ገቡና በልጃቸው መዳፍ ላይ ያለውን ቁራጭ አዩ።

"ማን ነው የገደፈው?" አሉ፤ ዓይናቸው ምራታቸው ላይ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ አሻግሬ።

"አንተ?" ዓይናቸውን ከምራታቸው ወደ ልጃቸው መለሱ። "በል ጣለው። ነገ ንስሐ አባትህ ዘንድ እንሄዳለን።"

"እሄዳለሁ፣ እማዬ። መብላቱን ግን እስከ ፋሲካ አልተውም።"

"ማን ሊቀቅልልህ?"

"ሙሉሐረግ ትቀቅልልኛለች።"