ከቴፑ ውስጥ የሚንጫጫው ኢንጂነር

ኢንጂነር ታኒካቻላም ከስልክ መሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰፈራችን ጆሮ አላረፈም። ሰውየው የአማተር ሬድዮ ፈቃድ አለው። ፈቃዱን በመስታወት አስገጥሞ ሳሎን ሰቅሎታል፤ የልጁ የሠርግ ፎቶ እንኳ ከሥሩ ነው የተሰቀለው። ጠዋትና ማታ እንደሱ ጡረታ ለወጡ ሰባት ሽማግሌዎች በከተማችን በናጋፓቲናም ዝናብ መኖር አለመኖሩን በሬድዮ ይነግራል። እነሱም እዚሁ ናጋፓቲናም ነው የሚኖሩት።

እኔ ማሲላማኒ የመኪና ኤሌትሪክ እሠራለሁ። ለነጭ ቫኑ ቴፕ የሸጥኩለትም፣ የሬድዮውን አንቴና ጣራው ላይ የገጠምኩለትም እኔው ነኝ። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ።

"ማሲላማኒ፣ የሸጥክልኝ ቴፕ ፎርጅድ ነው። ሬድዮዬን ይዤ ባወራሁ ቁጥር ድምፄ በስፒከሩ እየተንጫጫ ይመጣል።"

"ታዲያ ምን ከፋዎት ኢንጂነር? አንድ ሰሚ ጨመሩ።"

አልሳቀም። ሻይ ቤት ሄዶ ተናገረ፣ ቤተ መቅደሱ በር ላይ ተናገረ፣ ይባስ ብሎ በሬድዮ ተናገረ። በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ታክሲ ነጂዎች ጥለውኝ ተፎካካሪዬ ራጀንድራን ጋ ሄዱ። ራጀንድራን ማለት እኮ ቀይና ጥቁር ሽቦ የማይለይ ሰው ነው። እኔ ከስሜ ሌላ ምን አለኝ?

"ነገ ጠዋት ቫኑን ያምጡት" አልኩት። "ሰው ባለበት እንየው።"

መጣ። ታክሲ ነጂዎቹም መጡ፤ ባለ ሻይ ቤቱ ቼላካኑም ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ። ቴፑን ነቅዬ ካርቶኑ ያልተከፈተ ሌላ ቴፕ በሰው ፊት ገጠምኩ። "ያውሩ" አልኩት። ኢንጂነሩ የሬድዮውን ማውሪያ አንስቶ ቁልፉን ተጫነ። ስፒከሩ እንደ ዳክዬ ጮኸ።

"ይሄም ፎርጅድ ነው?" አልኩ ወደ ነጂዎቹ ዞሬ። ሳቁ። ቼላካኑማ ሻዩን ደፋው።

የሬድዮውን መስመር በቀጥታ ከባትሪው ቀጠልኩት፤ ያው ነው። የስፒከሮቹን ሽቦ ጩኸት በሚያፍነው ጥቁር ቀለበት ላይ ጠመጠምኩት፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እሱ አጠገቤ ቆሞ "ምናልባት..." ሲል "ሠላሳ ዓመት ስልክ ሲያበላሹ ኖረው አሁን ደግሞ እኔን ሊያስተምሩኝ ነው?" አልኩት። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

መሰላል አቁሜ ጣራው ላይ ወጣሁ። የአንቴናውን እግር ብነካው ተንቀጠቀጠ። ዳዶው በጣት ይፈታል። እግሩ የመኪናውን ብረት መንከስ ነበረበት፤ ካልነከሰ ሞገዱ መሄጃ ሲያጣ በየሽቦው እየሮጠ ቴፑ ውስጥ ይገባል። አንስቼ ከሥሩ አየሁ። የጣራው ቀለም ሳይፋቅ እንዳለ አለ፤ በላዩ ላይ የደረቀ የሰንደል ሊጥ፣ የሁለት ጣት አሻራ።

ጣቶቹ የኔ ናቸው። አንቴናውን ያመጣው በአዩዳ ፑጃ፣ የሥራ መሣሪያ በሚከበርበት በዓል ዕለት ነበር። የዚያን ቀን ቁልፉም ካቻቪቴውም ታጥቦ፣ ሰንደል ተቀብቶ፣ በጥበብ አምላካችን በሳራስዋቲ ሥዕል ፊት ያርፋል፤ ማንም አያነሳውም። "ነገ የአውሎ ነፋስ አደጋ የሬድዮ ልምምድ አለብን" ብሎ ቢለምነኝ፣ መሣሪያ ሳልነካ እንዲሁ በጣቴ አሰርኩለት። በማግሥቱ ፍቄ አጠብቀዋለሁ ብዬ ነበር። ረሳሁት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ድምፄን አጥፍቼ ቀለሙን ፋቅኩ፣ ዳዶውን በቁልፍ አጠበቅኩ፣ ወረድኩ። ኢንጂነሩ ቢያወራ ስፒከሩ ጸጥ አለ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ ቼላካኑ።

"የሬድዮ ጣጣ ነው። አንተ አይገባህም።"

ኢንጂነሩ የማውሪያውን ቁልፍ ሳይለቅ ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አለ፦ "ወንድሞቼ፣ የማሲላማኒን ስም ያለ ጥፋቱ አጥፍቻለሁ። ሰውየው ሐቀኛ ነው። ጥፋቱ የኔው ሬድዮ ነው። ለነገራችኋቸው ሁሉ ይህንን ንገሩልኝ።"

ነጂዎቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ስሜ ሙሉ ለሙሉ ተመልሶልኛል፤ ዝም ብል አለቀ። ግን ሽማግሌው ይቅርታውን ሊደግመው ሲል በቫኑ መስኮት ጎንበስ አልኩ።

"ይተዉት ኢንጂነር። እኔ ነኝ። በፑጃ ቀን በሰንደል እጄ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሳላጠብቀው ረሳሁት።"

አውራ ጣቱ አሁንም የማውሪያው ቁልፍ ላይ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰባቱም ሰሙኝ።

ፊቱ ተለዋወጠ፤ በሰንደሉ ምክንያት ግን አልነበረም።

"ፈቃድ አለህ?"

"የምን ፈቃድ?"

"በሬድዮ የመናገር! ያለ ፈቃድ በኔ ሬድዮ ተናገርክ እኮ።" ማውሪያውን አስቀምጦ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ባለፈቃዱ እሱ ስለሆነ፣ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ራሱን ሊከስ ነው። እኔ ጣራው ላይ አይቼ የደበቅኩትን ዓይነት ጥፋት፣ እሱ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ በራሱ ላይ ይጽፋል።

"የኔንም ስም ይጻፉ እንጂ" አልኩት። "የተናገርኩት እኔ ነኝ።"

"አልጽፍም" አለ፣ ቀና ሳይል። "ስምህን አንዴ አጥፍቼዋለሁ፤ ይበቃል።"

ነጂዎቹ ወደየመኪናቸው ሄዱ። እኔ ደብዳቤውን እስኪጨርስ የቫኑን በር ይዤለት ቆምኩ።