መቀስ አይጠብም

«ያ ሞራጅ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?»

ለራሷ ነው ያለችው። ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ልጇ ለለቀስተኛ ወንበር ታቀብላለች። ከጥግ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ቁርጥማት ነው ሲሉ አልነበር?»

«ቁርጥማት ደግሞ ሰው ይገድላል እንዴ? እኔ ስንቴ በሞትኩ!»

እሷም ከዓመታት በፊት ቁርጥማት ነው ብላ ነበር። ልብስ ሰፊው ባሏ ጣቶቹ አብጠው ሲጠዘጥዙት፣ «ዕድሜህን ሙሉ ስትሰፋ ኖረህ ምን ትጠብቃለህ?» እያለች ዘይት አሙቃ ስታሸው ከረመች። ሆስፒታል የሚባል ነገር ትፈራለች።

አንድ ቀን መቀስ የሚስልለት ሞራጅ ቤት ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ የመቀሱን መያዣ ሁለት ጊዜ ሞርጄ አሰፋሁልዎ። አሁንም ጠበበኝ ይላሉ። መቀስ አይጠብም!» የባሏን አውራ ጣት ይዞ አገላብጦ አየው። «ጫፉ ድቡልቡል ብሏል። ወንድሜም እንዲህ ሆኖ ነበር፤ የታመመው ግን ሳንባው ነው። ይታዩ።»

«ሟርተኛ!» ብላ ጮኸችበት። «ሞራጅ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው? ጥፋ ከደጄ!»

ባሏ ግን በማግስቱ ሹልክ ብሎ ሄዶ ተመረመረ።

«ሳንባቸው ላይ ካንሰር አለ» አለች ሐኪሟ። «ጣታቸውን የሚያሳምማቸውም እሱው ነው። ደግነቱ ሳይሰራጭ ደረስንበት።»

ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙም ሳይቆይ የጣቱ ሕመም ለቀቀው። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ልብስ ሰፋ፤ እሷም አምስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ስትነዘንዘው ኖረች። በሽታው የተመለሰው ዘንድሮ ነው። ሞራጁን ግን መንገድ ላይ ባየችው ቁጥር በኀፍረት አቅጣጫ ትቀይራለች።

ሞራጁ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ብድግ አለች።

«እማዬ፣ ተቀመጪ እንጂ!» አለች ልጇ።

አልሰማችም። ፊቱ ቆመች፤ ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት። የሦስት ዓመት የልጅ ልጇ ቀሚሷን ይዛ ተከትላታለች። አንስታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይቺ ልጅ አያቷን ታውቀዋለች» አለችው። «ትከሻው ላይ ተኝታለች፣ በመነጽሩ ተጫውታለች። ያን ቀን እኔን ቢሰማ ኖሮ አያያትም ነበር። አንተን ሰማ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሞራጁ አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ብረት ያጠቆረውን መዳፉን ገልብጣ ታየዋለች። ዘርግቶ አሳያት። ከዚያ ልጅቷን ቀስ አድርጎ ለአያቷ መለሰላት፤ የአሮጊቷንም እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

ለቀቀውና ኮፍያውን አድርጎ ወጥቶ ሄደ።